የዲሽ ገበያ፤ ሣጥኑን ሳይሆን ደረጃውን መግዛት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የሚገኘው የሰንበቴ የእሁድ ገበያ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ የሚገናኝበት ስመ ጥር ገበያ ነው፡፡ በዚህ ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ሳያይ ገንዘቡን አይቆጥርም፡፡ ሪሲቨር ሲገዛ ግን ይኸው ጠንቃቃ ገዢ ከዋጋው በቀር የሚጠይቀው የለም፡፡ ኪሣራው የሚጀምረውም ከዚህ ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ2019 ኢትዮሳት ሥራ ሲጀምር የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ኤንኤስኤስ-12 በተባለው ሳተላይት መተላለፍ ያዙ፡፡ ናይልሳት በ7 ዲግሪ ምዕራብ፣ ኤንኤስኤስ-12 ደግሞ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ በመሆናቸው ዲሹ ፊቱን ማዞር ነበረበት፡፡ እሱ የአንድ ባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፡፡ ከባዱ ኤች.ዲ. የሚባለው የጠራ ምስል ነው፡፡ ኤምፔግ-2 ብቻ የሚያነብ አሮጌ ሪሲቨር በኤምፔግ-4 የተላከውን መፍታት አይችልም፡፡ ዲሹ በትክክል ቢዞርም የኤች.ዲ. ጣቢያው ምስል አይመጣም፡፡ በርካሽነቱ የተገዛው ሣጥን ጥግ ይዞ ይቀመጣል፡፡ በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይሏል ይህ ነው፡፡

ለሆቴልና ለቡና ቤት ባለቤቶች ሌላ አማራጭ አለ፡፡ ሊኑክስ የተባለው በነፃ የሚገኝ የኮምፒዩተር ሥርዓት የሳተላይት ካርዶችን የማዘዝ ችሎታ አብሮት ይመጣል፡፡ ዲቪቢ-ኤስ2 የተባለውን ደረጃ የሚቀበልና ሊኑክስ የሚያውቀው ካርድ ተሰክቶ፣ ቲቪሄድኤንድ የተሰኘው ነፃ ፕሮግራም ቢጫን፣ አንድ ኮምፒዩተር በአንድ ሞገድ ላይ ያሉትን ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ተቀብሎ በኔትወርክ ለየክፍሉ ያድላል፡፡ ለየክፍሉ ሪሲቨር መግዛት ይቀራል፡፡ እርግጥ የየክፍሉ ቴሌቪዥን ከኔትወርክ ጋር የሚገናኝ መሆን አለበት፤ የሚጭን ባለሙያም ያስፈልጋል፡፡ አንድ ቴሌቪዥን ላለው ቤት ግን ደረጃውን የጠበቀ ሪሲቨር ይበቃል፡፡

በአሜሪካ የኬብል ቴሌቪዥን ኩባንያዎች አብዛኛውን የኤች.ዲ. ስርጭት ስለሚቆልፉ ሊኑክስ የሚጠቀም ደንበኛ ብዙ ተቸግሯል፡፡ የኢትዮሳት ነፃ ጣቢያዎች ያልተቆለፉ በመሆናቸው እዚህ ያ ችግር የለም፡፡ እንደ ዲኤስቲቪ ያለው በክፍያ የሚታይ ስርጭት ግን የተቆለፈ ነው፤ የራሱን ዲኮደርና ወርሃዊ ክፍያ ይጠይቃል፡፡ "በኮምፒዩተር እከፍትልሃለሁ" የሚል ሻጭ ቢመጣ የሚሸጠው ሕገ ወጥ ነገር ነውና ገንዘብን ኪስ ውስጥ ማቆየት ይበጃል፡፡

አስመጪው የውጭ ምንዛሪ አውጥቶ የሚያስገባው ዕቃ ዲቪቢ-ኤስ2 እና ኤምፔግ-4 የሚቀበል መሆኑን በካርቶኑ ላይ በአማርኛም በኦሮምኛም ቢጽፍ የሚጎዳው የለም፡፡ ደላላውም ከዋጋው በፊት ደረጃውን ይናገር፡፡ ገዢው ደግሞ ሪሲቨሩ እዚያው ሱቅ ውስጥ ተሰክቶ የኤች.ዲ. ምስል ሲያሳይ በዓይኑ ሳያይ ብሩን አይቁጠር፡፡