«አልበረደኝም» አትበሉ

የዓመት ዕረፍታችሁን ወይም የጋብቻችሁን መታሰቢያ ምክንያት በማድረግ፣ ድንኳንና ስንቅ ይዛችሁ በባሌ ተራሮች ላይ በእግር ለመጓዝ አስባችኋል እንበል። መልካም ሐሳብ ነው። ያለ ስልክ፣ ያለ እንግዳ፣ ሁለት ሦስት ቀን አብሮ መራመድ ለባልና ሚስት ከብዙ ምክር የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ጉዞው የመጀመሪያችሁ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ እወቁ፤ የባሌ ሌሊት የአዲስ አበባ ሌሊት አይደለም።

እኔ ይህን የተማርኩት በመጀመሪያው ጉዟችን ነው። ቀኑን ሙሉ ዳገት ወጥተን ማደሪያችን ስንደርስ፣ በላብ የራሰውን የጥጥ ካናቴራዬን ሳላወልቅ በላዩ ጋቢ ደርቤ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ «በርዶሃል እንዴ?» ስትለኝ «ኧረ ደህና ነኝ» አልኳት። ጥቂት ቆይቶ ኩባያ መያዝ አቃተኝ፣ ንግግሬም ተንተባተበ። ያዳነኝ የእርሷ ቁጣ ነው። እርጥቡን አስወልቃ፣ ደረቅ አልብሳ፣ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ አጠጣችኝ። በሻንጣዬ ውስጥ ደረቅ ልብስ ሞልቶ ነበር። የጎደለኝ «በርዶኛል» የሚል አንድ ቃል ነበር።

የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚገኝባት ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ናት። የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ያህል ሲሆን፣ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ደረቅ ወራት ሰማዩ ጥርት ስለሚል፣ ምድር ቀን የሰበሰበችው ሙቀት ሌሊት ያመልጣል፤ በአምባው ላይ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪና ከዚያም በታች ሊወርድ ይችላል። ታዲያ እንዴት እንዘጋጅ?

1. ልብስ ደርቡ። አንድ ወፍራም ካፖርት ከመልበስ ሦስት ልብስ መደረብ ይሻላል። ገላን የሚነካው ልብስ ላብን ቶሎ የሚያደርቅ ይሁን፤ ተራ የፖሊስተር ማልያ እንኳ ከጥጥ ካናቴራ ይሻላል። በላዩ የሱፍ ሹራብ፣ ከዚያም ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ይደረባል። ጥጥ ሲርስ ሙቀት አይዝም፤ ቶሎም አይደርቅም። ስለዚህ ጅንስ ሱሪያችሁን ቤት ተዉት። ጋቢም ጥጥ ነው፤ ማታ በደረቅ ልብስ ላይ ለመደረብ መልካም ቢሆንም ለመንገድ አይሆንም። ይህን ሁሉ ለማሟላት ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም፤ ከሰልባጅ ልብስ መካከል ጥሩ የሱፍ ሹራብ መርጦ ማግኘት ይቻላል።

ዳገት ስትጀምሩ ላብ ከማስጠመቁ በፊት አንዱን አውልቁ፤ ለዕረፍት ስትቀመጡ ወዲያውኑ መልሳችሁ ልበሱ።

2. እግርንና ራስን አትርሱ። ለጉዞው አዲስ ጫማ ገዝታችሁ በዚያው ቀን አትጫሙት፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት በሰፈራችሁ ተራመዱበት። ጣት የሚያጨናንቅ ጫማ ደም ስለሚከለክል እግርን ያበርዳል። ከሱፍ ካልሲዎቻችሁ አንዱን ጥንድ ለመኝታ ብቻ ለዩ። ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያና ጓንት ያዙ። ቀን ፀሐይዋ ስለምታቃጥል ባርኔጣና የፀሐይ መነጽርም ያስፈልጋል።

3. ከበላያችሁ ይልቅ ከበታችሁ ላለው አስቡ። ብዙ ጀማሪዎች ብርድ ልብስ ይደራርቡና በቀዝቃዛ መሬት ላይ ይተኛሉ። መሬት ግን የሰውነትን ሙቀት ይወስዳል። ወፍራም የስፖንጅ ምንጣፍ ያዙ። ስሊፒንግ ባግ የሚባለውን የመኝታ ከረጢት ስትገዙ ወይም ስትከራዩ ለስንት ዲግሪ ብርድ እንደተሠራ አንብቡ። በደንብ የሚከደን ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውኃ ሞልታችሁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግር ሥር አድርጉት። ባትሪ በብርድ ስለሚደክም የእጅ ባትሪያችሁንም አብራችሁ አስተኙት።

4. ስንቅና እሳት። ሰውነት ሙቀት የሚሰጠው ሲበላ ነው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ለመንገድ ይመቻሉ፤ ከመኝታ በፊትም ትኩስ ነገር ብሉ። በፓርኩ ውስጥ አስታ እየቆረጡ ማንደድ ደኑን ይጎዳልና አነስተኛ ምድጃ ያዙ። ይህን ግን አደራ፦ ከሰልም ሆነ ምድጃ ድንኳን ውስጥ ፈጽሞ አታስገቡ። የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፤ በእንቅልፍ ላይ ይገድላል።

5. እርስ በርስ ተያዩ። ከዕቃው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ብርድ ሰውነትን ሲያሸንፍ ማስተዋልንም ይወስዳል፤ ስለዚህ የበረደው ሰው ራሱን በትክክል መመርመር አይችልም። የሚንቀጠቀጥ፣ ቁልፍ መቆለፍ ያቃተው፣ ንግግሩ የሚጎተት ወይም የሚደናቀፍ ሰው «ደህና ነኝ» ቢላችሁ አትመኑት። ደረቅ ልብስ አልብሱት፣ ከነፋስ ከልሉት፣ ትኩስ ነገር አጠጡት። ከፍታም የራሱ ሕመም አለው፤ ራስ ምታትና ማስመለስ ከመጣ ወደ ላይ መውጣቱን አቁሙ፣ ከባሰም ሳትዘገዩ ውረዱ። የአካባቢውን መንገድ መሪ ይዛችሁ ሂዱ፤ ፈረስ ከተከራያችሁም ዕቃውን ይሸከምላችኋል።

ከመነሣታችሁ በፊት አንድ ሌሊት በግቢያችሁ ድንኳን ተክላችሁ እደሩ። የጎደለው ዕቃ እዚያው ይታወቃል፤ ሐኪም ቤትም ቤትም ቅርብ ነው። ከዚያም ተስማሙ፦ በየሰዓቱ አንዳችሁ ሌላውን «እንዴት ነህ?»፣ «እንዴት ነሽ?» ትላላችሁ፤ መልሱም እውነተኛ ይሆናል።

ወንድሞች፣ ይህ በተለይ ለእኛ ነው። ጎበዝ ለመምሰል የተደበቀ ብርድ ሸክሙን በሚስት ላይ ይጥላል። በጊዜ የተነገረ ብርድ ግን በአንድ ሹራብ ያልፋል። ከተራራው ስትመለሱም ይህን ልማድ ቤታችሁ ይዛችሁት ግቡ።

መልካም ጉዞ!