ምልክቱ አለ፤ መሣሪያው የለም

ወንድሜ ባለፈው ዓመት በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ተደርጎለት በሰላም ወጥቷል፤ ተመስገን። ማደንዘዣ የሰጠው ባለሙያ የሰፈራችን ልጅ ነውና ኋላ ላይ ያጫወተኝ ነገር ግን እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል። በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው ፐልስ ኦክሲሜትር ከተበላሸ ወራት አልፈውት ነበር። በደኅንነት ማረጋገጫው ቅጽ ላይ ግን መሣሪያው ከታካሚው ጋር ተያይዞ እየሠራ እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት ተደርጓል። ለምን? ስል ጠየቅሁት። «ባዶውን ብተወው ‹ለምን ጀመርክ?› እባላለሁ፤ ባልጀምር ‹ለምን አስገደልክ?› እባላለሁ» አለኝ።

ማደንዘዣ ተራ እንቅልፍ አይደለም። የተኛ ሰው አየር ሲያጥረው ይባንናል፤ ጡንቻው በመድኃኒት የላላ ታካሚ ግን በራሱ አይተነፍስም፤ ቢታፈንም አይጮኽም። «ከንፈሩን አይቶ ማወቅ ይቻላል» የሚሉ አይጠፉም። ዓይን ይህን የሚለየው እጅግ ዘግይቶ ነው፤ በጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይሸሸጋል። አንጎል ያለ ኦክስጅን የሚታገሠው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ቅጽ ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከቶሮንቶ እስከ ታንዛኒያዋ ኢፋካራ በ8 ከተሞች ተሞክሮ፣ በ2009 የታተመው ጥናት እንዳሳየው የታካሚዎች ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። ወረቀት በራሱ ግን ነፍስ አያድንም፤ ቁም ነገሩ ከምልክቱ በፊት የሚደረገው ማረጋገጥ ነው። እኛ ማረጋገጡን ትተን ምልክቱን ያዝን፤ እንደ ብዙው ነገራችን ቅጹንም ሪፖርት አደረግነው።

«ድሀ አገር ነን» የሚለው መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ድህነት መሣሪያ ያሳጣ ይሆናል፤ ዋሹ ብሎ ግን አያስገድድም። እንዲያውም «የለም» ተብሎ በሐቅ የተጻፈ ቅጽ መሣሪያው ወዴት መላክ እንዳለበት ይጠቁም ነበር። ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነው፦ አጣዳፊው ቀዶ ጥገና ባለው ነገር ይሠራ፤ «የለም» ብሎ የጻፈ ባለሙያ አይቀጣ፤ ከሥሩ የሆስፒታሉ ኃላፊ ይፈርም፤ ጤና ሚኒስቴርም ከተሞሉት ይልቅ «የለም» የተባለባቸውን ቅጾች ይቁጠር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እኛ ደግሞ የደበቅነው በሌላ ሰው ትንፋሽ ነው።