ቮልስ ወይስ ላዳ?



በቅርቡ ከዐስር ሶላት በኋላ ሁለት ወንድማማቾች፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እየተከራከሩ ወደ እኔ መጡ። አባታቸው ለዓመታት ባጠራቀሙት ገንዘብ አሮጌ መኪና ሊገዙ ነው። ታላቁ ቮልስዋገን፣ ታናሹ ላዳ መርጧል። «ኡስታዝ፣ እስቲ ይፍረዱን» አሉኝ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ አሮጌ መኪናም የሚናቅ ንብረት አይደለምና ነገሩን በጥሞና አየነው።

ቮልስ በአገራችን በንጉሡ ዘመን የገነነች ናት። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተመረተች በኋላ የመጨረሻዋ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ተሠራች። ሞተሯ እንደ ባጃጃችን ከኋላ ነው። ክብደቱ በሚነዱት ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ በክረምት ጭቃ በቀላሉ አትንሸራተትም። የሚያቀዘቅዛት አየር እንጂ ውሃ አይደለም፤ ራዲያተር የላትም። ታዲያ አየሩን የሚገፋው ቬንትሌተር የሚዞረው በቺንጊያ ነው። ቺንጊያው ከተበጠሰና ሹፌሩ ቶሎ ካላቆመ ሞተሩ ይቃጠላል።

ላዳ ደግሞ የደርግ ዘመን ልጅ ናት። ሶቪየቶች የጣሊያኑን ፊያት 124 ወስደው፣ ቆርቆሮውን አወፍረው፣ ከመሬት ከፍ አድርገው በ1962 ዓ.ም. ማምረት ጀመሩ። ከመጥፎ መንገድ ጋር እንድትስማማ ታስባ የተሠራች ስለሆነች ለአዲስ አበባ ታክሲነት ብዙ ዘመን አገልግላለች። ሞተሯ ከፊት ሆኖ በውሃ ይቀዘቅዛል። እንግዲህ በግልገል በለስ ሙቀት ራዲያተሯ ካፈሰሰ መንገድ ላይ መቅረት ነው።

ልብ በሉ! የሁለቱም ጉድለት የመጣው ከዚያው ከጥቅማቸው በኩል ነው። ውሃ የማትፈልገው በቺንጊያ ትታመናለች፤ በውሃ የምትቀዘቅዘው ውሃዋን ካጣች ትቆማለች።

«ለመሆኑ መኪናዋ የምትገዛው ለምንድን ነው?» አልኳቸው። ሁለቱም ዝም አሉ። ኋላ ታናሹ አንገቱን ደፍቶ «እማማን ወደ ፓዌ ሆስፒታል ለማመላለስ ነው» አለ። እናታቸው ጉልበታቸውን ታመዋል። ቮልስ ደግሞ ሁለት በር ብቻ ነው ያላት፤ ከኋላ ለመቀመጥ የፊቱን ወንበር አጥፎ መሽሎክ ግድ ነው። ላዳ አራት በር አላት። ታላቁ ፈገግ ብሎ «በቃ፣ ላዳ ትሁን» አለ። ስለ ሞተር ሲከራከሩ እናታቸውን ረስተዋት ነበር።

ስንለያይ አንድ ነገር አደራ አልኳቸው። ከመግዛታችሁ በፊት መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ራዲያተሩንና ፍሬኑን አስፈትሹ። ሻጩም ሙስሊም ከሆነ ነውሯን ሳይደብቅ መናገር ግዴታው መሆኑን አስታውሱት። እናንተም ነገ ስትሸጧት እንዲሁ አድርጉ፤ በረካ ያለው በግልጽ ገበያ ነው።

አላህ ለእናታቸው ዓፊያውን ይስጥልን። ወሰላሙ ዐለይኩም!