ሳይወጡ መለካት



የዚህ እትም መነሻ ባሕር ዛፍ ነው። መንገድ ዳር ቆሞ፣ የዛፉን ቁመት በዓይኑ እየገመተ በዋጋ የሚከራከር ሰው ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ግምቱ ሲስት አንዱ ወገን ይከስራል።

እስቲ ፕሮትራክተር ላይ ሲባጎ አስራችሁ ቱምቢ አንጠልጥሉ። ቀጥ ያለውን ጠርዝ ወደ ዛፉ ጫፍ አነጣጥራችሁ፣ ሲባጎው 45 ዲግሪ ላይ እስኪያርፍ ወደ ኋላ ሂዱ። ከግንዱ 20 ሜትር ከራቃችሁና ዓይናችሁ ከመሬት 1.6 ሜትር ከፍ ካለ፣ ዛፉ 21.6 ሜትር ነው። መሬቱ ሜዳ ከሆነ ነው እንግዲህ፤ በእኛ አገር ሜዳ ማግኘት ራሱ አንድ ሥራ ነው!

ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ከ1838 እስከ 1848 (እ.ኤ.አ.) ጎንደርን ጨምሮ በደጋው ሲዘዋወር፣ ተራሮቻችንን ቴዎዶላይት በተባለ መሣሪያ የለካው በዚሁ በማዕዘን ስሌት ነበር። ተማሪዎቻችን ግን የዚህ ስሌት መሠረት የሆኑትን ሳይንና ታንጀንትን ሸምድደው በፈተናው ማግስት ይረሷቸዋል። ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ አይመስለንም።

በውስጥ ገጾች የደወል ቤት ቁመትን ሳይወጡ፣ የወንዝ ስፋትን ሳይሻገሩ ማወቂያውን ታገኛላችሁ። መምህራን ሆይ፣ እባካችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ ልጆቹን ወደ ደጅ አውጡልን፤ የለኩትንም ጽፈው ይላኩልን።