ጓሳ ባለቤት አለው

«እኛ አገር እኮ የዱር እንስሳ አልቋል።» ይህን አነጋገር አዲስ አበባ ውስጥ በቢሮም፣ በሰርግ ድንኳንም፣ ቡና ላይም ሰምቼዋለሁ። ተናጋሪዎቹ ብዙውን ጊዜ ከማሳይ ማራ ወይም ከሰረንጌቲ በቅርቡ የተመለሱ ናቸው። ስልካቸውን አውጥተው አንበሳውን ያሳያሉ፤ አንበሳውን ከብበው የቆሙትን መኪኖች ግን በጣታቸው ገፋ ያደርጉና ያልፏቸዋል። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። ደሜ ይፈላል።

ኬንያ ወይም ታንዛኒያ መሄዳቸው አያናድደኝም፤ ገንዘቡ የራሳቸው ነው፣ አገሩም ያምራል። የሚያናድደኝ ይዘውት የሚመለሱት እምነት ነው፦ አውሬ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ የሚኖር፣ ከፍለው ከመኪና ላይ ሆነው የሚያዩት ነገር ነው የሚለው እምነት። ይህ እምነት ከመንዝ ደጋ ሲደርስ ገበሬውን ወራሪ፣ ጎብኚውን ደግሞ ደራሽ ያደርገዋል። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። በመንዝ ጓሳ ዛሬም ቀይ ቀበሮ የሚሮጠው ገበሬው ስለጠበቀው ነው። የጠበቀውም ማንም ሳይነግረው፣ ማንም ሳይከፍለው፣ የአፍሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ገና ሳይታሰቡ ነው።

ቦታውን ለማያውቅ ልንገር። በደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማ በር ላይ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ትቶ ወደ መዘዞ የታጠፈ መንገደኛ፣ ወደ መሐል ሜዳ ሲያቀና ጓሳን ያገኘዋል። መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በስተምሥራቅ ምድሩ ድንገት ያበቃና ገደል ይሆናል፤ ከገደሉ ሥር ቆላው እስከ አዋሽ ድረስ ተዘርግቷል። በስተምዕራብ የሚወርደው ውሃ ሌላ አገር ይሄዳል፤ ወንጪትንና ጀማን ይዞ ዓባይ ይገባል። ጅብራ ቆሟል፣ አስታ አለ፣ ሌሊት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል። ሣሩ ራሱ ጓሳ ይባላል፤ አገሩም ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው።

በዚህ ሣር ላይ ጭላዳ ይግጣል። «ይግጣል» ያልኩት አውቄ ነው፤ በዓለም ካሉ የዝንጀሮ ወገኖች ሁሉ እንደ በግ ሣር ግጦ የሚኖር ጭላዳ ብቻ ነው፤ የሚገኘውም በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ቀይ ቀበሮም እንዲሁ ከኢትዮጵያ ውጭ አገር የለውም። ለአካለ መጠን የደረሱት በጠቅላላ 500 አይሞሉም፤ ከውሻ ወገን በአፍሪካ ከሁሉም የከፋ የመጥፋት አደጋ ያለበት አውሬ እሱ ነው። እንግዲህ አንበሳ በብዙ አገር አለ፣ ዝሆንም እንዲሁ። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የማይገኘውን ፍጥረት በራሱ አገር ሳያይ «እኛ ጋ የለም» የሚልን ሰው ምን ልበለው?

አሁን የምነግራችሁን ነገር ሰረንጌቲ ማንም አያሳያችሁም። ጓሳ ላይ ጭላዳዎችን ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓመት እስከ ዓመት የሚከታተል የምርምር ቡድን አለ። ተመራማሪዎቹ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ቀስ እያለ ሲመላለስ አዩ። ጭላዳዎቹ አይሸሹም፤ ውሻ ቢመጣ ወደ ገደሉ የሚሮጡት ጭላዳዎች ቀበሮውን ዝም ይሉታል። ቀበሮውም ግልገል ጭላዳ በአጠገቡ እየዘለለ ብዙውን ጊዜ ዓይኑን አያነሣበትም። የሚፈልገው አይጥ ነው። ቆጥረው በ2015 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ውጤት እንደሚለው፣ ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከመቶ ሙከራ የሚሳካለት 25ቱ ሲሆን በመንጋው መካከል ሲሆን ግን 67ቱ ይሳካለታል። አይጦቹ ግራ ይጋቡ ይሁን በመንጋው ተከልሎ ይሁን ምክንያቱ ገና ይጠናል። እኔ ግን ይህን ባነበብኩ ጊዜ መጽሔቱን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ሁለት አውሬዎች በገዛ ፈቃዳቸው ተማምነው የሚውሉበት ሜዳ አለን፤ እኛ ግን ልጆቻችንን የምናስተምረው በቀጭኔ ሥዕል ነው።

ይህ ሜዳ እንዲህ ሆኖ የቆየው በአጋጣሚ አይደለም። መንዝ መሬት የተትረፈረፈበት አገር ሆኖ አያውቅም። ገብሱ በበልግ ተስፋ ይዘራል፣ ውርጭ ይመታዋል፣ በጉ ሣር ይፈልጋል፣ ቤቱ ክዳን ይፈልጋል። መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ሣር ከደጃፉ ተዘርግቶለት አርሶ ያልጨረሰው፣ አግጦ ያልጨረሰው ለምንድን ነው? ሕግ ስለነበረው ነው። ሕጉ የቄሮ ሥርዓት ይባላል። የአገሩ ሰው ሲያወርስ እንደመጣው፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አባቶች መሬቱን ተካፈሉት፤ የነሱ ዘር የሆነ ሁሉ በጓሳው ላይ መብት ነበረው፣ ከመብቱ ጋርም ግዴታ ነበረበት። ተጠቃሚው ተሰብስቦ አባ ቄራ ይመርጣል። አባ ቄራው «ጓሳ ተዘግቷል» ካለ ተዘጋ፤ ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ማጭድም ከብትም አይገባበትም። የጥበቃ ተራ ያለበት ሰው ተራውን ይወጣል፤ የቀረ ይቀጣል። ሣሩ ሲደርስ በበጋው ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ከሣሩ ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ እረኛው በክረምት የሚደርበው ገሳ ይሠራል። ከአጨዳው በኋላ ከብቱ ይገባል። ክረምቱ ሲጠነክር ደግሞ ይዘጋል።

እንግዲህ ቀበሮውን ማን አኖረው? ሣሩ ሳይነካ በሚቆይባቸው ዓመታት አይጡ ይበዛል፣ አይጡ በበዛበት ቀበሮው ያድራል። የገበሬው ዓላማ ቤቱን መክደንና በጉን ማብላት ነበር፤ ለቀበሮ ብሎ አላሰበም ይሆናል። ያም ቢሆን ክብሩን አይቀንስበትም። ራሱን የገዛ ሕዝብ በአጠገቡ ያለውንም ፍጥረት አኖረ፤ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የሚገባው ሥራ አላውቅም።

ሥርዓቱ ንጹሕ ነበር አልልም። ርስት የሌለው ሰው ጓሳ አልነበረውም፤ ጭሰኛውና የእጅ ሙያተኛው ከአጥሩ ውጭ ነበር። የካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ርስት ቀረ፤ መሬት ለአራሹ መባሉ ፍትሕ ነበር። ከርስቱ ጋር ግን የአባ ቄራውም ሥልጣን ቀረ። አዋጁን የጻፉት ሰዎች ሣር የሚዘጋና የሚከፍት ሕግ መኖሩን አላወቁም፣ አልጠየቁምም። ጓሳው የሁሉም ሆነ ተባለ፤ የሁሉም በሆነ ጊዜም ጠባቂ አጣ። ማጭድና ከብት ያለ ወቅቱ ገባ። የሚገርመው ግን ሕዝቡ ነገሩን በዚያ አልተወውም። ሽማግሌዎች ከቀበሌዎቹ ጋር ሆነው ሕገ ደንብ አወጡ፣ ኮሚቴ መረጡ፣ ጠባቂ ከመካከላቸው ሾሙ፤ ዛሬ የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ በክልሉ ሕግ ዕውቅና አለው። በቦታው ያለው የእንግዳ ሎጅም የማኅበረሰቡ ነው። አባ ቄራው በሌላ ስም ተመለሰ ማለት ይቻላል፤ በዚህኛው ግን ርስተኛ ያልነበረውም ወንበር አግኝቷል።

ይህን ታሪክ ከሰረንጌቲው ጋር አስተያዩት። እ.ኤ.አ. በ1959 ማሳዮች ከሰረንጌቲ እንዲወጡ ተደረገ፤ ለከብት አርቢ ሕዝብ የአባቶቹ ግጦሽ በአንድ ውል ተዘጋበት። በዚያው ዓመት በርንሃርድ ግርዚሜክ የተባለው ጀርመናዊ «ሰረንጌቲ አይሞትም» የሚለውን ፊልሙን አወጣ፤ ፊልሙ ኦስካር ተሸለመ፣ ዓለምም ሰው የሌለበትን ሜዳ ወደደው። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በታንዛኒያ፣ ሎሊዮንዶ ላይ፣ መሬታቸው ለአደንና ለጥበቃ ተከልሎ እንዳይወሰድ በተቃወሙ ማሳዮች ላይ ፖሊስ ተኮሰ። ሳፋሪ ሄዳችሁ የምታዩት ጸጥታ በዚህ የተገዛ ነው። አስጎብኚው አይነግራችሁም፤ እኔ ልንገራችሁ።

ግርዚሜክ ይመራው የነበረው የፍራንክፈርት የሥነ እንስሳት ማኅበር ከዓመታት በኋላ ጓሳ መጥቶ የገበሬውን ኮሚቴ ደገፈ። ከመንዝ ገበሬ ለተማረ ሁሉ ምስጋና አቀርባለሁ። የእኛ ባለሥልጣናት መቼ ይማሩ ይሆን? ሰሜን ተራሮችን ተመልከቱ። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ሰዎች ከፓርኩ ተነሥተው ደባርቅ ሰፈሩ፤ በ2009 ፓርኩ ከዓለም ቅርስ የአደጋ መዝገብ ወጣ ተብሎ ተጨበጨበ። ፓርኩ ተርፏል፤ ያ ጭብጨባ ግን አልተዋጠልኝም። በዚያ አምባ ላይ ለትውልድ ያረሱ ሰዎች ስም በዚያ ጭብጨባ ውስጥ አልተነሣም።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ያገራችን ሰው። ጓሳ ላይም የሚነቀንቁ አሉ። «በሥርዓት እናልማው»፣ «ብሔራዊ ፓርክ እናድርገው»፣ «ባለሀብት ይግባበት» የሚል ንግግር ከስብሰባ አዳራሽ ሲወጣ እሰማለሁ። «በሥርዓት» ሲሉ ሥርዓት ያልነበረ ያስመስሉታል። ከ300 ዓመት በላይ ሣር ሲዘጋና ሲከፍት ለኖረ ሕዝብ ሥርዓት የሚያስተምር ማነው? ይህን የሚሉ ሰዎች ማጭድ ይዘው ተራ ጠብቀው አያውቁም፤ ቀበሮ የወሰደባቸው ጠቦትም የለም።

ስለ ጠቦቱ በግልጽ እንነጋገር፤ ወጪው የሚታየው እዚያ ነውና። ቀይ ቀበሮ ጠቦት ይወስዳል። ጭላዳ ገብስ ላይ ይገባል። ነብርም አለ፣ ጅብም አለ። ይህንን ሁሉ ኪሳራ የሚሸከመው ጓሳን በሚያዋስኑ ቀበሌዎች የሚኖር፣ ብዙ በግ የሌለው ቤተሰብ ነው። እኛ አዲስ አበባ ሆነን ስለ ብርቅዬ እንስሳት ፖስተር ስንለጥፍ፣ የፖስተሩን ዋጋ የከፈለው እሱ ነው። ቀበሮውን በድንጋይ ወግሮ ቢገድለው ማን ያየዋል? አልገደለውም። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ቀበሮውን ራሱን የሚጎዳ ነገርም አለ። የመንዝ ቤት ሁሉ ውሻ አለው፤ በጉን ከጅብ የሚጠብቅለት እሱ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ቀበሮ ሲሻገር ምን እንደሚያደርግ በባሌ ተራሮች ደጋግሞ ታይቷል፤ ቀበሮዎቹ በጅምላ አለቁ። መድኃኒቱ የውሻ ክትባት ነው፤ ርካሽ ነው፣ የታወቀ ነው፣ ሕፃናቱንም ከእብድ ውሻ ያድናል። ለሎጅ መሠረት ድንጋይ በዓል የሚወጣው ገንዘብ ለስንት መንደር ውሾች ክትባት እንደሚሆን ማንም ይገምተው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በኅዳር 2014 ውጊያው እስከ መዘዞና ሞላሌ ደረሰ፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሥቶ መንገዱ አስፈሪ ሆነ። ጎብኚ ሲጠፋ ለማኅበረሰቡ ሎጅና ለጠባቂዎቹ የሚገባው ገንዘብ ይነጥፋል። ጠመንጃ ለያዙት ሁሉ፣ የየትኛውም ወገን ይሁኑ፣ የምለው አንድ ነው፦ ይህን ሜዳ ምሽግ አታድርጉት። የአባቶቻችሁ ሜዳ ነው፤ ለመቶዎች ዓመታት የተጠበቀ ሣር በአንድ በጋ እሳት ያልቃል።

መንገዱ ሲከፈት ለመሄድ ላሰባችሁ ደግሞ የምጠይቃችሁ አለኝ። መሐል ሜዳ ስትደርሱ መጀመሪያ የማኅበረሰቡን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ መግቢያውን ክፈሉ፣ አስጎብኚ ከአገሩ ልጅ ያዙ፣ ጓሳው ላይ በእግራችሁ ሂዱ። ሣሩ ተዘግቷል ከተባለ ተዘግቷል፤ «ከአዲስ አበባ ነው የመጣነው» ብላችሁ ጠባቂውን አታስጨንቁት። ለጭላዳ ብስኩት አትወርውሩ፤ በራሱ ጥርስ ሣር በልቶ የሚኖር ፍጥረት ነው። ብርድ ስለሚሆን ከአገሩ ሱፍ የተሠራ ባና ግዙ፤ የመንዝ በግ ሱፍ ነው፣ ገንዘቡም ጠቦቱ ለተወሰደበት ቤት ይደርሳል።

ለክልሉና ለፌዴራሉ ሹማምንት የምለው ደግሞ ይኸው፦ የጓሳን ሕግ የሚያወጣውም የሚሽረውም ተጠቃሚው ይሁን። ፓርክ፣ ሊዝ፣ የባለሀብት ኮንትራት የሚል ማንኛውም ወረቀት ኮሚቴው ሳይፈርምበት አይጽና። የውሻ ክትባቱ በየዓመቱ፣ ያለ ስፖንሰር፣ ከመንግሥት በጀት ይመደብ። ጠቦት ለተበላበትም ካሣ ይከፈለው፤ የሚከፈለውም በቀበሌው፣ በዚያው ሳምንት፣ እጁ ላይ ይሁን።