ስለ ኮምፒዩተር ማራገቢያና ስለ አቧራ ማጥለያ

ባለፈው እትማችን ስለ ልጆች የጥናት ሰዓት መጻፋችን ይታወሳል። በዚህ ወር ደግሞ ለብዙ ቤተ ሰብ የጥናትም የእንጀራም መሣሪያ ስለ ሆነው ስለ ኮምፒዩተር፣ ይልቁንም በሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ስለሚከማቸው አቧራ ጥቂት ለመናገር ወደድን። ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን በእርሱ ምክንያት የአንዲት እናት የዕለት ገቢ ሲቋረጥ በዓይናችን አይተናል።

እኒህ እናት በአራዳ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ብዙ በማይርቅ መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው፣ ማመልከቻና ልዩ ልዩ ጽሑፍ በኮምፒዩተር እየጻፉ ሁለት ልጆች ያሳድጋሉ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ ቤቶች ሲፈርሱ፣ የአሮጌው ጭቃና የኖራው ትቢያ ሰፈሩን ሁሉ አለበሰው። በዚያው ሰሞን ማመልከቻ የሚያስጽፈው ሰው በዛ፤ ኮምፒዩተሩ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። ገጽ ተኩል ያህል እንደ ጻፉ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ ወዲያውም መሣሪያው በራሱ ይጠፋል። «መምህር፣ ዕድሜው አልቆ ይሆን? ሌላ መግዣ ከየት አመጣለሁ?» ሲሉ ጠየቁን።

እኛም ገመዱን ከመብራቱ ነቅለን የጎኑን ክዳን ብንከፍት፣ በብረቱ ክንፎች መካከል አቧራው እንደ ባና ወፍሮ ተጋግሮ አገኘነው። ፕሮሰሰር የሚባለው የኮምፒዩተሩ አንጎል በሥራ ላይ ሳለ ይግላል፤ ሙቀቱን በላዩ የተቀመጠው ባለ ክንፍ ብረት ይቀበለዋል፤ ማራገቢያውም ነፋስ እየነዳ ወደ ውጭ ያወጣዋል። አቧራ ይህን መንገድ ሲዘጋው ሙቀቱ ይከማቻል፤ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃረብም መሣሪያው ራሱን ለማዳን መጀመሪያ ሥራውን ያዘገማል፣ ካልቀዘቀዘ ደግሞ ይጠፋል። በተጨማሪም ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ አየርዋ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው እኩል ቢዞርም የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል ማለት ነው። የጅቡቲ ሰው በሐሩሩ ሲቸገር፣ እኛ ደግሞ በአየሩ ስስነት እንቸገራለን።

አቧራውን ካራገፍን በኋላ ስሕተት ሠራን፤ ይህንም ሳንደብቅ እንናገራለን። ዳግመኛ እንዳይገባ ብለን የቁስል ሻሽ አራት እጥፍ አድርገን በአየር ማስገቢያው ላይ ለጠፍንበት። በእርግጥ አቧራው አልገባም፤ ነፋሱም አልገባም! በማግሥቱ ረፋድ ላይ ኮምፒዩተሩ እንደገና ጠፋ፤ የአንድ አዛውንት ማመልከቻም ሳይቀመጥ አብሮ ጠፋ። እናቲቱ አንዳች አልተናገሩንም፤ ዝም ብለው ከመጀመሪያው መስመር ጀመሩ። ዝምታቸው ከወቀሳ ይልቅ ከበደን። ጠላ የጠለለች ሴት ሁሉ የምታውቀውን ነገር እኛ ረስተነው ነበር፤ ማጥለያው ከመጠን በላይ ከጠበበ አተላውን ብቻ ሳይሆን ጠላውንም ያስቀራልና።

የሚስማማው ከናይሎን ክር የተሠራ ስስ መረብ ነው። በማራገቢያው ልክ፣ ማለት በ8፣ በ12 ወይም በ14 ሴንቲሜትር ተዘጋጅቶ ይሸጣል፤ ከታጣም አንድ ነጠላ የሴት ናይሎን ካልሲ ወጥሮ ማሰር ይበቃል። በማራገቢያው አራት ብሎኖች አብሮ ይታሰራል፤ ሣጥኑ ብረት ከሆነ በማግኔት የሚጣበቀው ዓይነት ለማጠብ ይቀላል። የትኛው ማራገቢያ አየር እንደሚያስገባ ለማወቅ ቀጭን ወረቀት ማስጠጋት ነው፤ የሚያስገባው ወረቀቱን ይስበዋል፣ የሚያስወጣው ይገፋዋል። ማጥለያ የሚደረገው በሚያስገባው ላይ ብቻ ነው። የሚገባው አየር ከሚወጣው በለጥ ቢል ይመረጣል፤ አለዚያ ሣጥኑ በየስንጥቁ ያልተጣራ አየር ይስባል።

ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ወራት ማጥለያውን በየ15 ቀኑ፣ በክረምት በወር አንድ ጊዜ ማጽዳት ይገባል። ከውጭ አራግፎ፣ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና አጥቦ፣ ፈጽሞ ሲደርቅ መመለስ ነው፤ እርጥቡን መግጠም ክፉ ነው። ማራገቢያውን በለስላሳ ብሩሽ ሲጠርጉ ወይም በነፋስ ሲነፉ ክንፉን በጣት መያዝ ያሻል፤ በነፋስ ግፊት እጅግ ከዞረ የሚሽከረከርበት መቀመጫው ይጎዳልና።

ስለ ጢስ ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። የከሰልና የዕጣን ጢስ ከአቧራ እጅግ የደቀቀ ስለ ሆነ መረቡ አያስቀረውም፤ ውስጥ ገብቶም አቧራውን ያጣብቀዋል። ቡናው ያለ ዕጣን ይፈላ አንልም፤ ረከቦቱ ግን ከኮምፒዩተሩ ራቅ ይበል። ሣጥኑንም ከወለል አንድ ክንድ ያህል ከፍ ማድረግ፣ በሥራ ላይ ሳለም በላዩ ዳንቴል አለማልበስ። ይህን የምንለው እኛም ራሳችን ስናለብስ ኖረን ነው።

የእናቲቱ ኮምፒዩተር እስከ ዛሬ ይሠራል። ናይሎኑን ማጥለያ ታላቂቱ ልጃቸው በየ15 ቀኑ ቅዳሜ ታጥበዋለች። የእኛን ሻሽ ግን አልጣሉትም፤ የኮምፒዩተሩን መስታወት ይወለውሉበታል።