መዝገቡ መጋዘኑን እንዳይሞላው

ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ የቡና ወራት ሲደርስ ቀይ ፍሬ በማድረቂያ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ማየት የተለመደ ነው። አሁን ግን በአጠገቡ አዲስ ሥራ ተጨምሯል፤ ይኸውም የገበሬውን ማሳ በስልክ መመዝገብ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. ባወጣው የደን ደንብ መሠረት ወደዚያ የሚላክ ቡና የበቀለበት ቦታ መታወቅ አለበት። ደንቡ የሚጸናበት ቀን ቢራዘምም ሥራው የሚጠብቅ አይደለም።

በአንድ የቡና ቀበሌ መዝጋቢው ወጣት ማሳውን ዞሮ ቅጹን ሊጨርስ ሲል ስልክ ተደወለለት። ተነጋግሮ ሲመለስ ቅጹ ባዶ ሆኖ አገኘው። «ስልኩ አርጅቷል» አለና እንደ ገና ሊዞር ወደ ማሳው ገባ። እኛ ግን ስልኩ ጠበበ እንጂ አላረጀም እንላለን።

ለመሆኑ ምኑ ነው የጠበበው? የስልኩን የሥራ ማኅደር እንደ ቡና መጋዘን እንቍጠረው። ከርነል የተባለው የሥርዓቱ እምብርት መጋዘን ጠባቂው ነው፤ ለፕሮግራሞች ቦታ የሚያድል እሱ ነው። ነገር ግን ጠባቂውም ጠረጴዛና መዝገብ ይፈልጋል። በአንድሮይድ ስልኮች ውስጥ የሚሠራው ሊነክስ ማኅደሩን አብዛኛውን ጊዜ በ4,096 ባይት ይሸነሽነዋል፤ በ64 ቢት መሣሪያ ላይም ለያንዳንዱ ክፍል 64 ባይት ያህል የመዝገብ መስመር ይይዛል። አንድ ጊጋባይት ባለው ስልክ ክፍሎቹ 262,144 ናቸውና ለዚህ መዝገብ ብቻ 16 ሜጋባይት ይሄዳል። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. ይህንኑ ከርነል የጀመረበት ኮምፒዩተር ጠቅላላ ማኅደሩ 4 ሜጋባይት ነበር!

ቦታ ሲጠብ ሥርዓቱ ከኋላ የቆየውን ፕሮግራም ያስወጣል፤ ያልተቀመጠ ቅጽም አብሮት ይጠፋል። ከርነሉ ለራሱ ኮድና መዝገብ የያዘው ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቀቅም። ስለዚህ ጠባቂውን ማቅጠን የሚቻለው አስቀድሞ፣ ከርነሉ ሲሰናዳ ነው። መሣሪያው የሌለውን ዕቃ የሚያንቀሳቅሱ ድራይቨሮች ይወጣሉ፤ አልፎ አልፎ የሚያስፈልገው በተፈለገ ጊዜ ብቻ እንዲጫን ይደረጋል፤ የስሕተት መመርመሪያው ክፍል ይቀነሳል። ይህ የመጨረሻው ግን ዋጋ አለው፤ መሣሪያው ሲበላሽ ምክንያቱን የሚናገር ይጠፋል። ዜድራም የተባለውም ዘዴ የተኙትን ገጾች አጭቆ እዚያው ማኅደር ውስጥ ያስቀምጣል፤ በልዋጩ ፕሮሰሰሩን ያደክማል።

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. አንድ ጊጋባይትና ከዚያ በታች ላላቸው ስልኮች አንድሮይድ ጎን አወጣ። በ2022 ዓ.ም. ግን የ13ኛው እትም ዝቅተኛ ልክ 2 ጊጋባይት ሆነ። እንግዲህ በሊሙና በጎማ ገበሬ ኪስ ያለችው ትንሽ ስልክ ከአዲሱ በር ውጪ ቀረች ማለት ነው።

የስልኩን ከርነል እኛ እንዳንለውጠው ብዙ ጊዜ በአምራቹ የተቈለፈ ነው። ሆኖም መሥሪያ ቤት የሚገዛው ፕሮግራም በእጃችን ነው። እናንተ ግዥ የምትፈርሙ ወጣቶች፣ ፕሮግራሙን በቢሮው አዲስ ስልክ ላይ አይታችሁ አትረከቡ፤ በአንድ ጊጋባይቷ ላይ፣ በመካከሉ ስልክ እያስደወላችሁ ፈትኑት፤ እያንዳንዱን መስመር እንደ ተጻፈ የማያስቀምጥ ከሆነ መልሱት። ተማሪዎች ደግሞ የሊነክስ ምንጭ ኮድ ለማንም ክፍት ነውና፣ በርካሽ ትንሽ ቦርድ ላይ ከርነሉን አንድ ጊዜ እንዳለ፣ አንድ ጊዜ አቅጥናችሁ አሰናዱና የተረፈውን ማኅደር ለኩ። በጅማ ለቡና መጋዘን የእርጥበት መለኪያ እንሥራ የምትሉ ከሆነ፣ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አይታየንም።